አሥራ አራት ሰዎች

አሥራ አራት! ቁጥሩን ያነበብን ቀን ሳቅን፤ አንደብቅም። እኛ በአንዲት የዶርም ክፍል ብቻ ስድስት ሆነን ነው የምንተኛው። በ2020 የተደረገው የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ግን በካንሳስ ግዛት፣ ኒቆዲሞስ በምትባል የገጠር ከተማ ያገኘው አሥራ አራት ሰው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ይቺም ከተማ ተብላ!» አልን። ታሪኳን ማገላበጥ ስንጀምር ግን ሳቃችን ቀስ በቀስ ከአፋችን ጠፋ።

ኒቆዲሞስ የተቆረቆረችው በ1877 ነው። ባርነት በሕግ ከቀረ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። በኬንታኪ የነበሩት ጥቁሮች ነፃ ወጥተዋል ተባሉ እንጂ የሚያርሱት መሬት አልነበራቸውም። መሬት የሌለው ነፃነት ደግሞ ምን ነፃነት ነው? ስለዚህ «ወደ ምዕራብ ኑ፤ ሰፊና ለም መሬት አለላችሁ» የሚል ወረቀት ሲበተን ጓዛቸውን ጠቅልለው ተነሡ። ኤሊስ ላይ ከባቡር ወርደው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳውን አቋረጡ።

ሲደርሱስ? ቤት የለም፤ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጭስ ብቻ! ቀድመው የመጡት የሚኖሩት ጉድጓድ ቆፍረው ነበርና። በ1878 የደረሰች አንዲት እናት ይህን አይታ ማልቀሷን ራሷ ተርካለች። ተስፋ ቆርጠው የተመለሱም ነበሩ። የቀሩት ግን ቀሩ። በዚያ በመጀመሪያው ክረምት ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ሕንዶች ምግብ እንዳካፈሏቸው ይነገራል።

ኒቆዲሞስ ሲባል ለኛ ትዝ የሚለን በሌሊት መጥቶ ስለ ዳግም መወለድ የሰማው ሰው ነው። ስሙ ከሱ ሳይሆን በባርነት ዘመን ከሚወራለት ሌላ ሰው የተወሰደ ነው የሚሉም አሉ። የሆነው ሆኖ ሰዎቹ በእርግጥ እንደገና ተወለዱ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ ሱቆች፣ ሁለት ጋዜጦች ሳይቀሩ ኖሯቸው። ከነዋሪዎቿ አንዱ የነበረው ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ዋና ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ። አያቶቻቸው እንደ ዕቃ ይሸጡ የነበሩ ሰዎች የግዛት ሒሳብ ተቆጣጣሪ አወጡ ማለት ነው።

ከዚያ የባቡሩ ነገር መጣ። በ1887 ባቡር እንዲያልፍባቸው ብለው 16,000 ዶላር ቦንድ ለማውጣት ድምፅ ሰጡ። ባቡሩ አልመጣም። በ1888 የሌላ ኩባንያ ሐዲድ ከሰሎሞን ወንዝ ማዶ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ተዘረጋ። ነጋዴው ሱቁን እየነቀለ ወደ ሐዲዱ ሄደ፤ ዛሬ ቦግ የምትባለው ከተማ እንዲህ ተፈጠረች። በ1930ዎቹ ድርቁና የአቧራው ማዕበል የቀረውን ሰው በተነው። ፖስታ ቤቱ በ1953፣ ትምህርት ቤቱ በ1960 ተዘጋ። በ1996 ከተማዋ ብሔራዊ የታሪክ ሥፍራ ተባለች።

ታዲያ አለቀላት ማለት ነው? እኛም እንዲያ መስሎን ነበር። ግን በየዓመቱ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ የነፃነትን በዓል ለማክበር፣ የነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ከየከተማው ይመጣሉ። በመቶ የሚቆጠር ሰው ይሰበሰባል፤ ይበላል፣ ይዘመራል፣ ሕፃናቱ የማን ዘር እንደሆኑ ይነገራቸዋል። ቆጣሪው የሚጠይቀው የት እንደምታድር ነው፤ የት አገርህ እንደሆነ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ራሳችን። አብዛኞቻችን ከገጠር የመጣን ነን። «አገርህ የት ነው?» ስንባል ግን የመንደራችንን ስም አንናገርም፤ አጠገቧ ያለችውን ትልቅ ከተማ እንጠራለን። «ማን ያውቃታል ብለን ነው» እንላለን። ውሸት ነው፤ አፍረን ነው። በአሥራ አራቱ ሰዎች የሳቅነውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት አንድ አዲስ ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀን። ከመካከላችን አንዱ ትንሽ ቆየና የመንደሩን ስም ተናገረ። ተማሪው «የት ነው እሱ?» አለ። ጓደኛችን ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ ወንዙንና መንገዱን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ይሥልለት ጀመር።