ጭራው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?

ከአበባ ሻጭ ተገዝቶ ቤት የሚገባ ኦርኪድ አብዛኛውን ጊዜ ፋላኖፕሲስ ነው። ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም፣ አበባው ጠፍጣፋ፣ ማሰሮው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ። ሁለት ሦስት ወር ሳይጠወልግ ይቆይና ይረግፋል። ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ውኃ ያበዛለታል፤ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ተክሉ ይጣላል። ከዚያ በኋላ ኦርኪድ አስቸጋሪ ነው ተብሎ ይደመደማል። ይህ ፍርድ ኦርኪድን ይበድላል። የኦርኪድ ቤተሰብ ከ25,000 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ለአንዱ የሚስማማው አያያዝ ሌላውን ሊገድል ይችላል። በስንት ቀን ውኃ እንደሚጠጣ ከመጠየቅ በፊት የትኛው ዝርያ እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል።

ይህን በደንብ የሚያስረዳ አንድ ኦርኪድ በኢትዮጵያ ጫካዎች ውስጥ አለ፤ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ይባላል። በሀገሪቱ ከሚገኙት ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች ብዙዎቹ መሬት ላይ ይበቅላሉ። ይህኛው ግን ኑሮው ዛፍ ላይ ነው፤ ባብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው ከፍታ፣ እርጥበትና ጥላ ባለበት ቦታ። ዛፍ ላይ ስለተቀመጠ ጥገኛ ይመስላል። ከዛፉ ግን ምንም አይመጥም፤ ቅርፊቱን ቆንጥጦ ይይዝና ከዝናብ፣ ከጉምና በቅርንጫፍ ስንጥቅ ከተጠራቀመ ብስባሽ ይኖራል።

አበባ በሌለበት ወቅት መለየቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ግንዱ አጭር ነው። ቅጠሉ ከመነሻው ጠበብ ብሎ ወደ ጫፉ ይሰፋል፤ ጫፉም እኩል ባልሆኑ ሁለት ክፍሎች ይሰነጠቃል። ጥቁር አረንጓዴ በሆነው ገጹ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። እነዚህ የዝርያው መታወቂያ እንጂ በሽታ አይደሉም፤ ይህን ያላወቀ ሰው ጤነኛ ተክል ላይ መድኃኒት ሊረጭ ይችላል።

ሲያብብ ደግሞ ማስመሪያ ማምጣት ነው። ቁልቁል በተንጠለጠለ ዘንግ ላይ ነጭ፣ ኮከብ የመሰሉ አበቦች ይደረደራሉ፤ ከእያንዳንዱ አበባ ጀርባ ቀጭን ጭራ ይወርዳል። የብራኪካርፓ ጭራ ከ12 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በኬንያና በታንዛኒያ የሚበቅለው የቅርብ ዘመዱ ኤራንጊስ ኮንፊዩዛ መልኩ ተመሳሳይ ቢሆንም ጭራው ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ሲምታቱ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1979 ጆይስ ስቱዋርት የተባለች የኦርኪድ ተመራማሪ ኮንፊዩዛን ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጋ ገለጸችው። ኢትዮጵያ ውስጥም የሚገኘው ኤራንጊስ ቶምሶኒ ጭራው ረጅም ነው፤ ግንዱ ግን እስከ አንድ ሜትር ስለሚያድግ ያጋልጠዋል። ስለዚህ አበባውን ከፊት ብቻ ፎቶ ማንሳት አይበቃም። ከጎንም መነሳት አለበት፣ አጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ፤ ግንዱና ቅጠሉም ይጨመሩ። ለማመሳከር የሚረዳው ጥሩ መጽሐፍ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መመሪያ ነው።

ጭራው ለጌጥ አልተሠራም። የአበባው ወለላ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሊደርስበት የሚችለውም ረጅም ምላስ ያለው የእሳት ራት ነው። አበባው ነጭ የሆነውና ሽታው ሲመሽ የሚያይለው ለዚሁ የሌሊት እንግዳ ነው። ኬንያዊው ተመራማሪ ዲኖ ማርቲንስና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት እጅግ የሚያስደንቅ ነገር አሳይተዋል፤ በእነዚህ አበቦች ጭራ ውስጥ ያለው ወለላ በአፉ በኩል ቀጭን ሲሆን ወደ ጫፉ በተጠጋ ቁጥር ስኳሩ ይጨምራል። የእሳት ራቷ ጣፋጩን ፍለጋ ምላሷን እስከ መጨረሻው ስታስገባ የአበባው ዱቄት ይጣበቅባታል።

ወደ ቤት ስንመለስ ትልቁ ቁም ነገር ሥሩ ነው። ዛፍ ላይ የሚኖር ኦርኪድ ሥሩ በሰፍነግ መሰል ነጭ ሽፋን ተጠቅልሏል፤ ሲደርቅ ብርማ፣ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ እስኪሆን ማጠጣት፣ ተመልሶ ብርማ እስኪሆን መተው፤ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። አፈር ውስጥ ከተቀበረ አየር አጥቶ ይሞታል። ይህን ለማወቅ አውሮፓውያን ብዙ ተክል አጥፍተዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ አትክልተኞች ከሐሩር አገር የመጣ ሁሉ ሙቀት ብቻ የሚፈልግ መስሏቸው ኦርኪዶችን በታፈነ የመስታወት ቤት ይዘጉባቸው ነበር፤ ተክሎቹም በብዛት አለቁ። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የቻትስወርዝ ርስት ዋና አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን መስኮቱን ከፈተ፣ ሙቀቱን ቀነሰ፣ ተክሎቹም ዳኑ።

ብራኪካርፓ በማሰሮ ከሚቀመጥ ይልቅ ሸካራ ቅርፊት ባለው እንጨት ላይ በክር ቢታሰር ይመረጣል። ቀጥተኛ ፀሐይ አይወድም። ሲያድግ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ እድገቱ ሲቆም ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ሊቀነስለት ይገባል፣ በትውልድ ጫካውም በጋ አለና። ቀዝቀዝ ያለ የደጋ ሌሊት ይስማማዋል። የፋላኖፕሲስ ነገር ሌላ ነው፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይጎዳል፣ ከ28 ዲግሪ በላይ ሳይቀንስ ከቆየ ደግሞ ቅጠል እንጂ የአበባ ዘንግ አያወጣም። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንዱ የተመቸ በረንዳ ሌላውን በብርድ ያሰቃየዋል። ቀኑን ሙሉ አየር ማቀዝቀዣ በሚሠራበት የዱባይ ወይም የሪያድ ቤት ደግሞ አየሩ ስለሚደርቅ እንጨት ላይ የታሰረ ኦርኪድ በየቀኑ መርጠብ አለበት።

ከጫካ ነቅሎ ማምጣት ግን ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ስንቅ ስለሌለው በተፈጥሮ የሚበቅለው የሚመግበው ፈንገስ ካገኘ ብቻ ነው። ይህን ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር እ.ኤ.አ. በ1899 ደረሰበት፤ አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ደግሞ በ1922 ዘሩን ያለ ፈንገስ፣ ስኳር ባለው ምግብ ላይ በብልቃጥ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ችግኝ ጣቢያዎች በዚህ መንገድ ስለሚያራቡ የዱር ተክል የሚያስነቅል ምክንያት የለም። ኦርኪዶች በሙሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ የዱር ተክልን ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ወንጀል ነው።

የቡና ጥላ ዛፍ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ግን ኦርኪዱ አብሮ ይወድቃል፤ መሬት ላይ ከቀረ ይበሰብሳል። እዚያው ያለ ሰው ሥሩን ሳይሰብር ከነቅርፊቱ አንስቶ፣ አጠገቡ ባለ ዋንዛ ወይም ሰሳ ላይ በቃጫ ሊያስረው ይችላል። ይህ ክረምቱ ሲገባ ቢደረግ ይመረጣል፤ አዲስ የሚወጣው ሥር ከበጋ በፊት ቅርፊቱን ለመያዝ ጊዜ ያገኛል።