አርባ ከመቶ

ባለፈው እሑድ ምሽት ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በምትሄድ ሚኒባስ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ። ሬዲዮኑ ሲለፈልፍ ቆይቶ ጸጥ አለና አንድ ኦርጋን ጀመረ። ዝግ ያለ፣ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ጠረን ያለው፣ እንደ ዕጣን ጭስ እየተጥመለመለ የሚወጣ ዜማ ነው። ሾፌሩ እጁን ሰደድ አድርጎ ድምፁን ጨመረ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ አፋቸውን ገጥመው ያንጎራጉሩ ጀመር። ረዳቱ ሳይቀር «ሒሳብ» ማለቱን ለአፍታ ረሳው። ዘፋኙ መዝፈን ሲጀምር ግን ጎልማሳው ዝም አሉ። ግጥሙን ከየት ያምጡት!

«የማን ዘፈን ነው?» አለኝ ሾፌሩ።

«ፕሮኮል ሃረም የሚባሉ የእንግሊዝ ልጆች ነበሩ፤ የእነሱ ነው።»

«አይ፣ ይቺን ኦርጋኗን ማለቴ ነው። የማን ናት?»

ልጁ ሳያውቀው የጠየቀኝ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ሦስት ፍርድ ቤቶችን፣ ከአራት ዓመት በላይ ያከራከረ ነው። ልነግረው አፌን ስከፍት አራት ኪሎ ደረስን። ስለዚህ ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። (የእንግሊዞቹን ነገር ሳወራ ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው። የራሴ ጉዳይ ላይ ስደርስ ወደ እኛው አቆጣጠር እመለሳለሁ።)

ዘፈኑ «ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል» ይባላል። ወደ አማርኛ ልመልሰው ብል፣ የገረጣ ፊት ከመገርጣትም አልፎ ሲነጣ ማለት ነው። ርዕሱ የተገኘው ከአንድ ግብዣ ነው። ኪት ሪድ የተባለ ወጣት ገጣሚ፣ አንድ ሰው አጠገቡ ላለች ሴት ፊቷ መንጣቱን በዚህ አነጋገር ሲነግራት ሰማ። ቃሉ ጆሮው ላይ ቀረ፤ ግጥም አደረገው። ዜማውን ጋሪ ብሩከር ፒያኖ ላይ ተቀምጦ፣ ወደ ባኽ እያዘነበለ ሠራው። በ1750 የሞተው የጀርመኑ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ሮያሊቲ አይጠይቅምና በዚያ በኩል ችግር አልነበረም።

ግጥሙ መጀመሪያ አራት አንጓ ነበረው፤ ሸክላው ላይ የገባው ሁለቱ ብቻ ነው። ጭፈራ አለበት፣ ባሕር አለበት፣ አንድ ባለወፍጮም መሐል ላይ ብቅ ይላል። ባለወፍጮው ከጥንቱ ገጣሚ ከቾሰር የመጣ ነው ብሎ ስንቱ ተመራምሯል! ሪድ ግን ቾሰርን አስቤ አይደለም ብሏል። እኔም ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረ ጊዜ እንደ ቅኔ ሰሙንና ወርቁን ልለይ ታግዬ፣ በመጨረሻ ሰሙ ራሱ ይበቃል ብዬ ተውኩት።

ታዲያ ሁለቱ ሰዎች ዘፈኑን በመጋቢት 1967 ጨርሰው ይዘዋል። ከዚያ ነው ማቲው ፊሸር የሚባል የ21 ዓመት ልጅ ሃሞንድ ኦርጋኑን ይዞ ባንዱን የተቀላቀለው። ልምምድ ላይ ቁጭ ብሎ የዘፈኑን መግቢያ፣ በአንጓዎቹ መካከል የሚመለሰውንም የኦርጋን ዜማ አበጀ። ለንደን በሚገኘው ኦሊምፒክ ስቱዲዮ ቀረጹት፤ ግንቦት 12 ቀን ወጣ። በሰኔ የእንግሊዝን ገበያ አንደኛ ሆኖ ያዘና ስድስት ሳምንት አልለቅም አለ። አሜሪካ አምስተኛ ደረጃ ደረሰ። በ1977 የብሪት ሽልማት፣ የሩብ ምዕተ ዓመቱ ምርጥ የእንግሊዝ ነጠላ ዘፈን ተብሎ ከኩዊን «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ጋር ክብሩን ተካፈለ። ሸክላው ላይ በደራሲነት የተጻፈው ስም ግን ሁለት ብቻ ነበር፤ ብሩከርና ሪድ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ከዘፈን የሚገኘው ገንዘብ አንድ ዓይነት አይደለም። ሸክላው ሲሸጥ ተጫዋቾቹ የሚካፈሉት አለ፤ ይህን ፊሸር አግኝቷል። ሌላው ለደራሲዎቹ የሚከፈለው ነው። ማንም ይዝፈነው፣ የትም አገር ይሰማ፣ ፊልም ውስጥ ይግባ፣ ለደራሲው ይቆጠራል። ከዚህኛው ለፊሸር አንዲት ሳንቲም አልደረሰችውም። ያኔውኑ በ1967 ድርሻዬስ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ገፋ አደረጉት። እሱም ዝም አለ። በ1969 ባንዱን ለቀቀ። በኋላ ኮምፒውተር ተምሮ ፕሮግራም ጸሐፊ ሆነ። በ1991 ባንዱ እንደገና ሲሰባሰብ ተመልሶ ከብሩከር ጎን ተቀምጦ ያቺኑ ኦርጋን ለዓመታት ተጫወተ። በ2005 ከሰሰ። ልብ በሉ፣ 38 ዓመት ቆይቶ!

ከፍተኛው ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2006 ፈረደለት። ዳኛ ብላክበርን የኦርጋኑ ዜማ ለድርሰቱ ጉልህ አስተዋፅኦ ነው ብለው ከዜማው መብት 40 ከመቶውን ሰጡት፤ ያውም ክስ ካቀረበበት ቀን ጀምሮ። ብሩከር ይግባኝ አለ። በሚያዝያ 2008 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት «ደራሲነቱስ የአንተም ነው፤ ነገር ግን ይህን ያህል ዘግይተህ ገንዘብ አትጠይቅም» አለው። ስሙን መልሶ ኪሱን ዘጋ ማለት ነው። ነገሩ ወደ ጌቶች ምክር ቤት ወጣ። ሐምሌ 30 ቀን 2009 አምስቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ 40 ከመቶውን መለሱለት። እንዲህ ላለው የባለቤትነት ጥያቄ ሕጉ የጊዜ ገደብ አላበጀለትም፣ ደግሞም ፊሸር በመዘግየቱ የተጠቀሙት ሌሎቹ ናቸው እንጂ አልተጎዱም አሉ። ከዳኞቹ አንዷ ሌዲ ሄል፣ የስልሳዎቹን ዘመን ከሚያስታውሱት አንዷ እንደመሆናቸው ያ የማይረሳ ኦርጋን ባለቤት ዕውቅና በማግኘቱ ደስ እንዳላቸው ፍርዱ ላይ ጻፉ። በዚያው ዓመት ደግሞ፣ ባለፉት 75 ዓመታት በብሪታንያ በአደባባይ ቦታዎች ከየትኛውም ዘፈን በላይ የተደመጠው ይኸው መሆኑ ታወጀ።

ሰውየው ለምን 38 ዓመት ዝም አለ? ፍርድ ቤቱም ይህን ጠይቆ ነበር። የመጀመሪያው ዳኛ እንደተረዱት፣ ልጁ ባንዱ ውስጥ መቆየት ከፈለገ ስለ ድርሻ ብዙ ባያነሣ እንደሚሻለው ገብቶት ነበር። ይህን ለማስረዳት እንግሊዞቹ ገጽ በገጽ ጻፉ። እኛ አንድ ቃል አለችን፤ ይሉኝታ። ትናንት የመጣ ልጅ፣ የተጠራበት ቤት፣ የቀረበለት ማዕድ፣ ከዚያ ላይ «ድርሻዬስ?» ሲል ምን ይባላል? ሁላችንም እናውቃታለን። ዋጋዋንም እናውቃለን። ፊሸር አሸነፈ ሲባል ያለፉት የ38 ዓመታት ገንዘብ አልተመለሰለትም። ይሉኝታ ወለዱን ለሌላ ሰው ነው የምትከፍለው።

ለብሩከርም ፍርድ አላጎድልበት። በ2022 አርፏል፤ ሪድም በቀጣዩ ዓመት ተከትሎታል። የብሩከር መከራከሪያ ቀላል አልነበረም። ዘፈኑን እኛ ጨርሰን ነው እሱ የመጣው፤ ስቱዲዮ የገባ ተጫዋች ሁሉ የበኩሉን ሲያዋጣ ነገ ይከሰኛል ብዬ ከፈራሁ እንዴት አብረን እንሠራለን ነው የሚለው። ያለ እሱ ዘፈኑ አይወለድም ነበር። ሆኖም ሚኒባሷ ውስጥ ጎልማሳው ያንጎራጎሩት የእሱን አይደለም።

በእኛ አገር የካሴት ሽፋን ቢያንስ በዚህ ደህና ነበር። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ይላል። አቀናባሪው ከገንዘቡ ምን ደረሰው የሚለው ሌላ ጣጣ ሆኖ ስሙ ግን አለ። ችግራችን «ዜማ፦ የሕዝብ» የምትለዋ ናት። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶልናል፤ ነገር ግን ሕዝብ የሚባለው ሰውዬ ጠበቃ ይዞ ሲመጣ አላየሁም። አንዳንዴ ያ ሕዝብ አንድ መንደር ያለች፣ ስም ያላት አንዲት አልቃሽ ትሆናለች።

ይህን ሁሉ እንደ ዳኛ ተቀምጬ የምፈርደው ንጹሕ ስለሆንኩ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. ግድም አንድ ክፍል ውስጥ አንድ የታወቀ ግጥም እያነበብን ነበር። ሰውየው የተለየችውን ሴት እያሰበ ቤቱ ውስጥ የቀረውን ዕቃ አንድ በአንድ ይቆጥራል። እኔ ስለ ናፍቆት እተነትናለሁ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ዕቃውን ሁሉ ሲቆጥር ራሱን አንዴም አልቆጠረም። የጠፋው እሱ ይመስለኛል» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ጸጥ አልኩ። ግጥሙን ያን ቀን ነው ያነበብኩት።

በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ግጥም ሳስተምር «አንዲት ተማሪ እንዳለችው» አልኩ። በሁለተኛው ዓመት «አንዳንዶች እንደሚሉት» ሆነ። በሦስተኛው ዓመት «እኔ እንደማምነው»። ስርቆት እንዲህ ነው የሚመጣው፤ አጥር ዘሎ አይደለም፣ ሰዋስው ቀይሮ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሐሳቡ በአንድ መጽሔት በስሜ ታተመ። ከጻፍኳቸው ሁሉ ሰዎች የሚያነሡልኝ እሱን ነው። ኦርጋኗ ያለችው እዚያ ላይ ነዋ!

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ድንኳኑ ውስጥ ጎኔ ተቀምጣ ጤንነቴን ጠየቀችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «መምህር፣ ያን ጽሑፍዎን አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው» አለችኝና ወደ ሌላ ወሬ ተሻገረች። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመረችም። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ፤ አያችሁ ድፍረቴን!

ከዚያች ቀን ጀምሮ የምጠይቀው ስለ ገንዘብ አይደለም፤ መጽሔቱ የሻይ ነበር የከፈለኝ። ያኔ ክፍል ውስጥ «ይህ የአንቺ ነው፣ ጻፊው» ብያት ቢሆን ምን ትሆን ነበር? የእንግሊዝ ዳኞች መብትን ከ2005 ጀምረው መለሱ እንጂ ከ1967 አልመለሱም። እኔም ዛሬ ስሟን ብጽፍ የዚያችን የሃያ ዓመት ልጅ ልብ አልመልስላትም።

ቢሆንም ሚኒባሷ ያደረሰችኝ ማታ ደወልኩላት።

«መምህር፣ በሰላም ነው?» አለች ደንግጣ።

የኦርጋኑን ታሪክ ነገርኳት፤ ከዚያ የራሴን። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቀጥላ ሳቀች።

«እና ስንት ከመቶ ሊሰጡኝ ነው?»

«አንቺ ወስኚ። ስምሽን አስተካክዬ እጽፈዋለሁ።»

«ስሜን ይተዉት። እኔ አሁን የሒሳብ ሰው ነኝ፤ መሥሪያ ቤት ይስቁብኛል። የአንዲት ተማሪ ነው ብለው ብቻ ይጻፉ፤ መጀመሪያ እንደሚሉት።»

ይኸው ጻፍኩ። የአንዲት ተማሪ ነው። ስልኩን ልዘጋ ስል ግን አስቆመችኝ።

«አንድ ነገር ግን ልንገርዎት መምህር» አለች። «ያን ሴሚስተር የሰጡኝ ቢ ነው።»