ጓሮ የማይቀበለው ቆሻሻ

በሰባት ቤት ጉራጌ ምድር፣ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ በምትገኘው አታትና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች፣ ከቤት የሚወጣ ጥራጊ መድረሻው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ እርሱም ከቤቱ ጀርባ ያለው የእንሰት ጓሮ ነው። ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድርበት ቤት እበቱና ሽንቱ በየማለዳው ይጠረግና ከምድጃው አመድ፣ ከምግብ ትራፊና ከወለሉ ጉድፍ ጋር ወደ እንሰቱ ሥር ይወሰዳል። እንሰቱም በተራው የሚጣል ነገር የለውም፤ ተፍቆ ቆጮና ቡላ ይወጣዋል፣ ጭረቱ ቃጫ ሆኖ ለገበያ ይቀርባል፣ እርጥብ ቅጠሉ መጠቅለያም መኖም ይሆናል፣ የደረቀው ይነድዳል፣ አመዱም ወደ መጣበት ጓሮ ይመለሳል።

በወልቂጤም ሆነ በዘቢዳር ተራራ ማዶ ባለችው ቡታጅራ የቆሻሻ ነገር ሲነሣ፣ ተናጋሪዎች አዘውትረው «የግንዛቤ እጥረት» የሚል ምክንያት ይሰጣሉ። ይህ ምክንያት ለስብሰባ ይመች እንደሆነ እንጂ ነገሩን አያስረዳም። ሰው ቆሻሻውን ወደ ጓሮ ወይም ወደ ቦይ መጣሉ ከስንፍና ይልቅ ለዘመናት ትክክል ሆኖ የኖረ ልማድ ውጤት ነው፤ የተለወጠው የሚጣለው ዕቃ ነው። እበትና አመድ ይዞ የሚወጣው እጅ ዛሬ በዚያው እፍኝ ፌስታል፣ ሃይላንድ የሚባለውን የውኃ ፕላስቲክ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይና የተቃጠለ አምፖል ይዞ ይወጣል፤ መሬቱ ግን የመጀመሪያዎቹን እንጂ የኋለኞቹን መፍጨት አይችልም።

ይህ በግልጽ የሚታየው አመዱ ላይ ነው። እርጥብ እንጨት አልያያዝ ሲል ፌስታል ወይም የተቀደደ ጀሪካን ቁራጭ ከሥሩ ማድረግ የተለመደ ሲሆን፣ በማግስቱ አመዱ በወንፊት ቢነፋ እንደ ጥቁር ዶቃ የደረቁ የቀለጠ ፕላስቲክ ጠብታዎች ይገኙበታል። በምድጃ ሙቀት ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከፊሉ ጭስ ሆኖ ጎንበስ ብላ እሳቱን የምታራግበው ሴት ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ከፊሉ አመድ መስሎ ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳል። እህልና ከሰል የሚያዝበት የማዳበሪያ ጆንያም ፀሐይ ሲመታው ክሩ እየተበጣጠሰ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል፤ ይህንን መልቀም የጀመረ ሰው መጨረሻውን አያገኘውም።

ገበሬው አደገኛ ነገርን ለይቶ ማስወገድ አያውቅም ማለት ግን አይቻልም። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው፣ በባክቴሪያ የሚመጣና ቅጠሉን አጠውልጎ ተክሉን የሚያጠፋው በሽታ፣ በኢትዮጵያ በ1968 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ጽሑፍ ከተገለጸ ወዲህ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ የታመመው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ ይቀበራል፣ የተቆረጠበት ቢላ በእሳት ይለበለባል፣ ቅጠሉ ለከብት አይሰጥም፣ መንገድ ላይም አይጣልም። አንድ ቁራጭ የጎረቤትን ጓሮ ሊያጠፋ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው፣ የባትሪን ነገር ለመረዳት የሚያስፈልገው ያንኑ ዕውቀት ወደ አዲሱ ዕቃ ማሻገር ብቻ ነው።

ከአዲሶቹ ዕቃዎች መካከል ልዩ ጥንቃቄ የሚሹት ጥቂቶች ናቸው። የሶላርና የሞተር ሳይክል ባትሪ ብዙውን ጊዜ እርሳስና አሲድ ስለሚይዝ ቤት ውስጥ መፈታት የለበትም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት መንግሥት በሚሊዮን እየቆጠረ በነፃ የለወጠው ጥምዝምዝ አምፖል መብራት ቆጣቢ ቢሆንም ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ ይዟል፤ ሲሰበር በርና መስኮት ከፍቶ ለሩብ ሰዓት ያህል ከክፍሉ መውጣት፣ ስባሪውንም በመጥረጊያ ሳይበትኑ በወፍራም ወረቀት አፍሶ ክዳን ባለው ዕቃ መክተት ይገባል። ጫት በሚለማበት አካባቢ ደግሞ ከሁሉ የሚከፋው የፀረ ተባይ ጠርሙስ ነው፤ ምንም ያህል ቢታጠብ ዘይት ወይም ውኃ ሊያዝበት አይገባም፣ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ ቂጡ ተበስቶ ከልጆች መራቅ አለበት። ካቶሊካውያን እኅቶች በ1969 እ.ኤ.አ. የመሠረቱትን የአታት ሆስፒታል በመሳሰሉ ተቋማት ያገለገለ መርፌ ለብቻው በማይበሳ ሣጥን መጠራቀም አለበት፤ በቤቱ ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛም በወፍራም ፕላስቲክ ጠርሙስ አጠራቅሞ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ ወደ ጤና ተቋም ቢመልሰው የቆሻሻ ሰብሳቢውን እጅ ያድናል።

መልሶ መጠቀም ለጉራጌ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ከዚህ ምድር ተሰድደው መርካቶን ካቀኑት መካከል አንዳንዶቹ ኑሮ የጀመሩት ሌላው የጣለውን በመሸጥ ነው፤ ቆራሌው ከየሰፈሩ የሚገዛው ቆርቆሮና ብረት ዛሬም የመርካቶው ምን አለሽ ተራ ደርሶ የከሰል ማንደጃ፣ ባልዲና ማጠፊያ ይሆናል። ሆኖም ቆራሌው የሚገዛው ዋጋ ያለውን ነው፤ ፌስታሉን፣ አምፖሉንና የባትሪ ድንጋዩን አይነካም፣ ሊወቀስም አይገባም። ዋጋ ያጣው ሁሉ ሳይለይ አንድ ቦታ ሲከመር የሚሆነውን አዲስ አበባ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አይታለች፤ በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከቤት የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው እርጥብና የሚበሰብስ መሆኑን ላሰበ፣ ጓሮ ያላቸው የወልቂጤና የቡታጅራ ቤቶች ያንን ክፍል ወደ እንሰቱ ቢመልሱ ለቆሻሻ ሰብሳቢው ጋሪ የሚተርፈው ጥቂት መሆኑ ግልጽ ነው።

የማገዶና የመብራት ቁጠባም ከዚህ ተለይቶ የሚታይ ጉዳይ አይደለም፤ ማገዶ ሲጠፋ እበት ወደ እሳት ይሄዳል፣ እንሰቱም ይራባል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሠራት የጀመረው ምርጥ ምድጃ፣ እሳቱን ከምጣዱ ሥር ስለሚያግደው፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጀራ ለመጋገር የሚወስደውን እንጨት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ባዮጋዝ፣ ማለትም እበት አየር በማይገባው ጉድጓድ ሲብላላ የሚወጣው የሚነድድ ጋዝ፣ አራት ያህል ከብት ላለው ቤት ከዚህ ይበልጣል፤ ጋዙ ወጥ ካበሰለ በኋላ ዝቃጩ ለእንሰቱ ይተርፋልና። መብራት ባለበት ቤት ደግሞ ብዙዎች አምፖል ለማጥፋት ሲጣደፉ ምጣዱን ይረሱታል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው፣ 10 ዋት የሆነ ኤልኢዲ አምፖል በየምሽቱ 5 ሰዓት ቢበራ በ70 ምሽቶች ከሚፈጀው ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ምጣድ ከማሞቅ አንድ ጊዜ አብዝቶ መጋገር፣ ሊጡም ሳይደርስ ምጣዱን አለመጣድ፣ እንዲህ ያለ አምፖል ከማጥፋት ይበልጣል። የወልቂጤ ሰው ይህን ለማሰብ ሌላም ምክንያት አለው፤ በአካባቢው የሚያልፈው የዋቤ ወንዝ ወደ ግቤ ይገባል፣ ግቤም ኦሞ ሆኖ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ካለው የግቤ 3 ግድብ ስለሚደርስ፣ ቦይ ውስጥ የተጣለው ነገር መብራቱ ወደሚመጣበት ውኃ ያመራል።

ሕጉ አልጎደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የቤቱ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅም የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ፌስታልን ከልክሏል። ነገር ግን በሁለት ጆንያ ለይታ ያወጣችውን ጋሪው ሲደባልቀው ያየች እመቤት በቀጣዩ ሳምንት አትለይም፤ የሚወቀሰውም ጋሪው እንጂ እርሷ አይደለችም። በመንደር ደረጃ ከአዋጅ ይልቅ ጀፎረን፣ ማለትም በቤቶቹ ፊት የተዘረጋውን ሰፊ የሣር አደባባይ፣ እንዳይታረስና እንዳይታጠር ጠብቆ ያኖረው የባህል ሥርዓት ሊሠራ ይችላል። ከመስቀል በፊት ቤትና ደጅ የሚያጸዳ መንደር፣ ከተሜው ዘመድ ይዞት የመጣውን ፌስታልና ሃይላንድ ከበዓሉ ማግስት ለቅሞ ይዞት እንዲመለስ በባህላዊው የጆካ ሸንጎ ሽማግሌዎች ቃል ቢያስወስን ማንም አይቀየምም። ለባትሪ ድንጋይና ለአምፖልም የሚያስፈልገው ክዳን ያለው በርሜል ነው፤ አዲሱን የሚሸጠው ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ ቢቀመጥና አዲስ የሚገዛ ሰው አሮጌውን ይዞ እንዲመጣ እድሩ ቢስማማ፣ ማዘጋጃ ቤቱ መጥቶ እስኪረከበው ድረስ መርዙ ቢያንስ ከእንሰቱ ሥርና ከምንጩ ርቆ ይቆያል።