ትምህርትን ስለ ማቋረጥና ስለ ርዳታው ገንዘብ

ሰው ለትምህርቱ የተሰጠው ገንዘብ አንድ ጊዜ ከተከፈለለት በኋላ የራሱ የሆነ ይመስለዋል። ነገር ግን በአሜሪካ አገር መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚሰጠው ስጦታና ብድር እንደ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ያለ ነው፤ ለተማሪው የሚጸናለት በትምህርቱ ላይ በቈየበት ቀን ልክ ነው። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ በ1998 በተሻሻለ ጊዜ ይህ አሠራር ተደነገገ።

በዚያ አገር ስኖር የወገኖቻችን ልጆች ከትምህርት ቤት የደረሳቸውን ደብዳቤ ይዘው ሲመጡ አብሬ አነብላቸዋለሁ። ትምህርቱን የሚያቋርጥ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። አንዱ እናቱ ታመውበት፣ ሌላው የሌሊት ሥራ አድክሞት፣ ሦስተኛው አገር ቤት ለቀሩት ታናናሾቹ ገንዘብ ለመላክ ሲል ነው። ደብዳቤው ግን ምክንያትን አይመለከትም፤ የሚቈጥረው ቀንን ብቻ ነው።

ቈጠራውም እንዲህ ነው። የትምህርቱ ወቅት 110 ቀን ሆኖ ተማሪው በ33ኛው ቀን ትምህርቱን በሙሉ ቢተው፣ የፈጸመው ከመቶ 30 ነው። ስጦታውና ብድሩ በአንድነት 5,000 ዶላር ከሆነ የሚጸናለት 1,500 ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲው ክፍያ 4,000 ዶላር ቢሆን፣ ዩኒቨርሲቲው የዚህን ከመቶ 70፣ ማለት 2,800 ዶላር፣ በ45 ቀን ውስጥ ለመንግሥት ይመልሳል። የራሱ ደንብ ክፍያውን የማይቀንስ እንደ ሆነ ግን ይህንኑ 2,800 ዶላር ዞሮ ከተማሪው ይጠይቃል። ከወቅቱ ከመቶ 60 በላይ የቈየ ተማሪ ርዳታው በሙሉ ይጸናለታል። ስለዚህ በ66ኛው ቀን የወጣ 3,000 ዶላር ሲጸናለት፣ በ67ኛው ቀን የወጣ 5,000ው በሙሉ የእርሱ ነው። የአንድ ቀን ትዕግሥት 2,000 ዶላር ያወጣል ማለት ነው። የቀረበት የብድር ዕዳም ቢሆን፣ ወደ ትምህርቱ ካልተመለሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር በኋላ መከፈል ይጀምራል።

በእኛ ዘንድ ችግርን ለባዕድ መንገር እንደ ነውር ስለሚቈጠር፣ ብዙዎቹ ወጣቶች ለማንም ሳይናገሩ ከክፍል ይቀራሉ። ይሉኝታ መልካም ጠባይ ነው፤ የሒሳብ መዝገብ ግን ይሉኝታ አያውቅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለ፣ ሥራ ይዞ ገንዘብ አጠራቅሞ ሊመለስ ያሰበው ልጅ በመጀመሪያ ያጠራቀመውን ለዚያው ዕዳ ይከፍላል።

እንግዲህ ለመውጣት የተገደደ ተማሪ ከመፈረሙ አስቀድሞ ወደ ገንዘብ ርዳታ ክፍል ሄዶ ስንት እንደሚመለስበት በጽሑፍ ይጠይቅ። ሁሉን ከመተው አንዱን ወይም ሁለቱን ትምህርት ይዞ መቈየት ይቻለው እንደ ሆነም ይመርምር። ሕመም ወይም ኀዘን የገጠመው ዩኒቨርሲቲው የዕረፍት ፈቃድ ይሰጥ እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ሕጉ በ12 ወር ውስጥ እስከ 180 ቀን የሚደርሰውን የተፈቀደ ዕረፍት እንደ ማቋረጥ አይቈጥረውም። ወላጆችም ይህን ወሬ በስልክ በሰሙ ጊዜ «ለምን ተውኸው?» ብለው ከመቈጣት በፊት «ዛሬ ስንተኛው ቀን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ልጃቸውን ይበልጥ ይረዱታል።