ካምቢዮው ደህና ነበር

እንሴኖ ላይ ጋራዥ የሚገባልን በአብዛኛው ኢሱዙና ባጃጅ ነው። አውቶማቲክ መኪና የመጣ ቀን ልጆቹ ሥራቸውን ጥለው ይከቡታል። እኔም ስለ አውቶማቲክ ከእነሱ ብዙም የማልሻል መሆኔን ያኔ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ።

በ2015 ዓ.ም. የበርበሬ ወቅት ነው። ከማረቆ ገበሬዎች በርበሬ እየሰበሰቡ ቡታጅራ የሚያወርዱ አንድ ሐጂ አሮጌ አውቶማቲክ የቤንዚን ፒክአፕ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ ሊጠፋብኝ ይላል» አሉኝ። ኮፈኑን ከፈትኩ። ማርሹ ፒ ላይ ነው፤ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር፣ ይወርዳል፣ ሊጠፋ ሲል ተንገዳግዶ ይነሳል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ፊልትሮ አራገፍኩ፤ ያው ነው። ከዚያ እጄ የለመደውን አደረገ፤ ቪቴ፣ ማስተካከያ ብሎን፣ ፈለገ።

ካርቡራቶር ላይ ያደገ መካኒክ ሚኒሞ ሲወርድ ቪቴ ያጠብቃል። በዚህ መኪና ግን ቪቴው የአየር መግቢያው ክዳን ማረፊያ ነው እንጂ ሚኒሞ ማስተካከያ አይደለም፤ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚገባውን አየር የሚመጥነው ኮምፒውተሩ ነው። እኔ ክዳኑን በግድ ገርበብ ሳደርገው፣ ከ700 እስከ 800 አካባቢ ላይ መርጋት የነበረበት ዙር 1500 አለፈ። እግር ከፔዳሉ ተነስቶ ዙሩ ከፍ ካለ ደግሞ ኮምፒውተሩ መኪናው ቁልቁለት እየወረደ ይመስለውና ቤንዚን ይቆርጣል፤ ዙሩ ሲወርድ መልሶ ይሰጣል፤ ይነሳል፤ ይቆርጣል። መንቀጥቀጡ ላይ አሁን መጮህ ተጨመረበት።

ፍሬን ይዤ ዲ አስገባሁ። መኪናው ዘለለ፣ ከሥር «ጓ» አለ። በዚያ ዙር ማርሽ ሲገባ ጤነኛውም ካምቢዮ ይመታል። እኔ ግን ቀና ብዬ «ሐጂ፣ ካምቢዮው ሞቷል» አልኳቸው።

ለምን ካምቢዮ እንዳልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። የሚያውቁትን ዕቃ ብል እሳቸውም፣ የጎረቤቱ ሹፌርም ይከራከሩኛል። ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን በከተማው ማንም አይከራከረኝም። አዲስ አበባ ወስዶ ማሠራት የመኪናውን ዋጋ ያህል እንደሚፈጅ ጨምሬ ነገርኳቸው፤ አመኑኝ። ከግማሽ ዋጋ ብዙም ባልበለጠ ለአንድ የቡታጅራ ሰው ሸጡት።

ከወራት በኋላ ቡታጅራ ያንኑ ፒክአፕ አየሁት፤ ሚኒሞው ረግቷል። የሠራው ልጅ የማውቀው ነው። ከሞተሩ የሚወጣውን ትነት ወደ አየር መግቢያው የሚመልሰውን የጎማ ቱቦ አውጥቶ አሳየኝ። ከላይ ሲያዩት ምንም አልሆነም። ሲያጥፈው ግን ከሥሩ፣ ዓይን በማይደርስበት በኩል፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ኮምፒውተሩ ያልቆጠረው አየር በዚያ ሲገባ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ችግሩን ሲፈልግ በሃይላንድ ውሃ ይዞ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ጠብ ጠብ ሲያደርግባቸው፣ ስንጥቁ ጋ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ተቀየረ፤ በቃ። ቱቦውን ቀይሮ ቪቴውን ወደ ቦታው መለሰ። «ይሄን ማን ነካካው?» አለኝ። ዝም አልኩ። ካምቢዮው አልተከፈተም።

ሐጂ ቆሞ ነው የሚንቀጠቀጠው ብለውኝ ነበር እኮ። ማርሽ ሳይገባ የሚንቀጠቀጥ መኪና ላይ መጀመሪያ ካምቢዮ አይጠረጠርም፤ ይህን ለጀማሪ ልጅ አስተምራለሁ።

ሱቃቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሚዛኑን አስቀምጠው ሰሙኝ።

«ቪቴውን ሳትነካው በፊት ማርሽ ሲገባ ይመታ ነበር?»

«አላየሁም፣ ሐጂ። ሳልነካው አስገብቼ አልሞከርኩትም።»

«ካምቢዮ ነው ስትለኝስ፣ አምነህበት ነበር?»

ውሸት አልቻልኩም። ቪቴውን መልሼ ብሞክር ድምፁ እንደሚጠፋ ጠርጥሬ ነበር፤ መመለሱ ግን በልጆቹ ፊት አላወቅኩም ማለት ሆነብኝ። ይህንንም ነገርኳቸው።

የጎደለባቸውን በየወሩ ልክፈል ብዬ ለመንኩ። በ2016 ጥር መንግሥት የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል፤ እሳቸውም በርበሬውን በኪራይ መኪና ነው የሚያመላልሱት። «እንደዚያ ያለ ፒክአፕ ዛሬ ስንት እንደገባ ጠይቀህ ና፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አሉኝ።

ጠይቄያለሁ። ወደ ሱቃቸው ግን እስካሁን አልተመለስኩም።