ወደብ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ስለ ቀይ ባሕር በቴሌቪዥን ከተናገሩ ወዲህ በአዲስ አበባ አቦሉ ሳይቀዳ ወደብ ይነሣል። እኔ በምኖርበት በልደታ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር የጀበና ቡና የሚጠጣው ጎረቤቴ ሁሉ የባሕር ኃይል አዛዥ ሆኗል። ረከቦቱን ቀይ ባሕር፣ ሲኒዎቹን መርከብ አድርጎ፣ ማን የትኛውን ጠረፍ መያዝ እንዳለበት ያስረዳል። ክርክሩ በመነሣቱ ቅር አላለኝም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው፣ ባሕር የማይነካ አገር ስለ ባሕር ባይነጋገር ነበር የሚገርመው።

እንደ ጂኦግራፊ መምህርነቴ ያስቸገረኝ ግን ቃሉ ነው። አንዱ ወደብ ሲል የባሕር ጠረፍ ማለቱ ነው። ሌላው መርከብ ከማዕበል የሚጠለልበትን ውሃ ያስባል፤ ሦስተኛው ደግሞ ክሬኑን፣ መጋዘኑንና ጉምሩኩን። ባሕር በሌለበት በሞጆ እንኳ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ “ደረቅ ወደብ” ስላለን ቃሉ ውሃውን ጨርሶ ጥሎ መሄድ ችሏል። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ስለ ሦስት ነገሮች እየተናገሩ የተስማሙ ይመስላቸዋል፤ ወይም ሳይለያዩ ይጣላሉ።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። የተፈጥሮ ወደብ ማለት ደሴት፣ የምድር ምላስ ወይም ተራራ ከነፋስና ከማዕበል የከለለው፣ መርከብ ወደ ዳር ሲጠጋም ጥልቀቱ የማይከዳ ውሃ ነው። ምጽዋ በደሴቶቿ፣ በርበራም በረዥሙ የአሸዋ ምላሷ ይህን ጸጋ አግኝተዋል። ሰው ሠራሽ ወደብ የምንለው ደግሞ ተፈጥሮ ያልሰጠችውን ሰው ድንጋይ ወደ ባሕር ከምሮ፣ ማዕበል የሚሰብር ግንብ አቁሞ፣ ወለሉን ቆፍሮ የሚያገኘው ነው። ዱባይ አጠገብ ያለው ጀበል አሊ ከበረሃ ዳርቻ ተቆፍሮ የወጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ተከፍቶ ዛሬ ከዓለም ታላላቅ ወደቦች አንዱ ነው። ሮተርዳምም ወደ ሰሜን ባሕር የምትወጣው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በሰው እጅ በተቆፈረ ቦይ ነው። እዚህ ላይ አንባቢዬ አንድ ነገር ይያዝልኝ፤ የዛሬዎቹ ትልልቅ የኮንቴይነር መርከቦች ጭነት ይዘው ለመቆም 16 ሜትር ግድም ጥልቀት ይሻሉ። ለአክሱም ዘመን ጀልባ ገነት የነበረ ባሕረ ሰላጤ ለእነርሱ ኩሬ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ የተፈጥሮ ጸጋ ያለው ሁሉ ወደብ አለው? የምጽዋ ታሪክ አይመስልም። ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. በ1557 ያዟት፤ ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ለግብጽ ተላለፈች። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከግብጽ ጋር በዐድዋ በተፈራረሙት ውል ያገኙት ወደቡን ሳይሆን በወደቡ በኩል ዕቃና መሣሪያ በነፃ የማሳለፍ መብት ነበር። በወረቀት ደረጃ ጥሩ ውል ነው። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላው፣ በ1877 ዓ.ም.፣ ጣሊያኖች እንግሊዝ እያወቀች ምጽዋ ላይ ወረዱ። እነዚሁ ጣሊያኖች በ1933 ዓ.ም. ሲሸነፉ መርከቦቻቸውን በገዛ እጃቸው አስጥመው የወደቡን አፍ ዘጉት። በተከታዩ ዓመት ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ አሜሪካዊ መኮንን ከጥቂት ጠላቂዎች ጋር መጥቶ፣ በዚያ ሙቀት የሰመጠውን እያነሣ ወደቡን እንደገና አስከፈተ። ተፈጥሮ ያበጀችውን ወደብ በሰንሰለትና በአየር መጭመቂያ መልሶ ወደብ ያደረገው ሰው ነው።

አሰብ ሌላ ናት። የጣሊያኑ የሩባቲኖ ኩባንያ ቦታውን ለመግዛት ከአካባቢው ሱልጣኖች ጋር የተዋዋለው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1869፣ የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት ወር ነው። የገዛው ግን ወደብ ሳይሆን ጠረፍ ነበር። እኛ የምናውቀው ታላቁ የአሰብ ወደብ የተሠራው ከፌዴሬሽኑ በኋላ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በዩጎዝላቪያ መሐንዲሶች እጅ ነው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በ1980ዎቹ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ ድረስ በተሳቢ ይመላለስ ነበር። ስለ አሰብ ብዙ ያወራል፤ ባሕሩን ግን አንሥቶት አያውቅም። ወሬው ስለ ወረፋ ነው። የትኛው መርከብ መቼ እንደሚራገፍ፣ ክሬን ሲበላሽ ስንት ቀን እንደቆመ፣ ሙቀቱን ሽሽት ሌሊት ሌሊት ስለ መንዳት፣ ደሴ ላይ ስለሚለወጥ ጎማ። ልጅ ሆኜ ባሕሩ ምን እንደሚመስል ብጠይቀው፣ “እኔ ፊቴን ወደ ሚዛኑ አዙሬ ነው የቆምኩት” አለኝ። ያን ጊዜ መልሱ አበሳጭቶኝ ነበር። ዛሬ ለተማሪዎቼ ስለ ወደብ ካነበብሁት ሁሉ የተሻለ ትርጓሜ ሆኖ አገኘዋለሁ።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ያ መኪና አፋር ውስጥ መንገዱ ከሚገነጠልበት ላይ ወደ ጋላፊ ይታጠፍ ጀመር። አባቴ የሚያወራው ወረፋ የጅቡቲ ወረፋ ሆነ። አሰብን ማዕበል አላፈረሳትም፤ ባሕሩም አልሸሻትም። የተቋረጠው ከኋላዋ ያለው አገር ነው። ወደቧ የተሠራው ለኢትዮጵያ ጭነት ነበርና ጭነቱ ሲቀር ድንጋዩ ብቻውን ቀረ። ኋላ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2021 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለየመን ጦርነት የጦር ሠፈር አደረጓት። ለሚሊዮኖች ስንዴና ማዳበሪያ ያራግፍ የነበረ ጠረፍ ታንክ አራገፈ።

ጅቡቲን እንመልከት። ፈረንሳዮች መጀመሪያ የሠፈሩት ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በኦቦክ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ወደ ጅቡቲ የዞሩት ለመርከብ የተሻለ መጠለያ፣ ለሐረር ሲራራም የቀና መንገድ ስላገኙ ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. የተጀመረው ባቡር በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ፤ ጅቡቲን ጅቡቲ ያደረጋትም እርሱ ነው። በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዶራሌ የኮንቴይነር ተርሚናል 18 ሜትር ጥልቀት ያለው መቆሚያ አለው። ጎረቤቶቻችን ውሃውን ቆፈሩ፣ ክሬኑን ተከሉ፤ ዛሬ ከገቢና ወጪ ጭነታችን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚያልፈው በእነርሱ በር ነው። በአንድ በር መታመን አደጋ መሆኑን ለመረዳት ዶክትሬት አያስፈልግም። ይህን የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው።

የማልስማማው በመፍትሔው ላይ ነው። በቡና ጠረጴዛ ላይ የምሰማው “እንይዘዋለን” የሚለው ቋንቋ ወደብን እንደ መሬት ይቆጥረዋል። ወደብ ግን መርከብ ካልመጣበት ወደብ አይደለም፤ መርከብ ደግሞ በጀግንነት አይጠራም፤ የመድን ዋጋ አስልቶ ነው የሚመጣው። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የየመን ሁቲዎች መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ታላላቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች ቀይ ባሕርን ትተው አፍሪካን በደቡብ ጫፍ መዞር መረጡ። ስዊዝን ያህል ቦይ ሊያጓጓቸው አልቻለም። ይህ አዲስ ጠባይ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈው የቀይ ባሕር መርከበኞች መመሪያ፣ ወደ አዱሊስ የሚመጡ መርከቦች ቀድሞ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ለየብስ ቅርብ በሆነች ደሴት ይቆሙ እንደነበርና ከየብስ ጥቃት ስለደረሰባቸው ርቃ ወደምትገኝ ደሴት እንደተዛወሩ ይነግረናል። የአክሱም መርከበኛና የዛሬው የኮንቴይነር ኩባንያ በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው። በጦርነት የተያዘ ወደብ በተያዘበት ዕለት ባዶ ይሆናል።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። በየካቲት 2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ ከዲፒ ወርልድና ከሶማሌላንድ ጋር 19 በመቶ ድርሻ ልትይዝ መስማማቷ ተነገረ። ተስፋ ያልሆነ፣ የተፈጥሮ መጠለያ ያለው፣ ገንዘብ እየፈሰሰበት ያለ እውነተኛ ወደብ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. የሶማሌላንድ ባለሥልጣናት ኢትዮጵያ ቅድመ ሁኔታዎቹን ሳታሟላ በመቅረቷ ድርሻውን እንዳጣች አስታወቁ። በዚያን ሰሞን በቡና ጠረጴዛችን ስለዚህ ጉዳይ አንድ ሲኒ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም.፣ ከዚያችው ሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመና ቀንዱ በሙሉ ተናወጠ። ነገሩ እንዲበርድ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ ማውጣት አስፈለገ። ያ መግለጫ የሚናገረው በሶማሊያ ሉዓላዊነት ሥር ስለሚገኝ የባሕር መዳረሻ ነው። መዳረሻ እንግዲህ ከሦስቱ የቱ ነው? ጠረፉ ነው፣ ውሃው ነው ወይስ ክሬኑ?

ይህንኑ በክፍል ስናገር አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ “ታዲያ መምህር፣ አገራችን ወደብ እንዲኖራት አይፈልጉም ማለት ነው?” አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እፈልጋለሁ አልሁት፤ ከዚያም አንተ የምትፈልገው የቱን እንደሆነ ንገረኝ ብዬ የአሰብን የውሃ ጥልቀት፣ መቆሚያዎቹ ስንት እንደሆኑና ከሚሌ የሚሄደው መንገድ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ጠየቅሁት። አላወቀም። ከአንድ ሳምንት በኋላ ቢሮዬ መጥቶ የቀይ ባሕርን የጥልቀት ካርታ ከየት እንደሚያገኝ ጠየቀኝ። ወደ ቤተ መጻሕፍት ላክሁት።