አቤቱታና እውነት

በመሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ብዙ አቤቱታ እንቀበላለን፤ ብዙም እንጽፋለን። ነገር ግን አቤቱታ ማለት ምን እንደ ሆነ እኔ በእውነት የተማርሁት፥ በ2008 ዓ.ም. ስለ ትራክተር በጻፍሁት ደብዳቤ ምክንያት ነው። ነገሩ የሚያኰራኝ ብቻ አይደለም፤ የሚያሳፍረኝም አለበት። ሆኖም ለሌላው ትምህርት ይሆናል ብዬ ስለማምን፥ ለአንባቢዎቼ እንደ ሆነው አድርጌ አቀርበዋለሁ።

ያን ጊዜ የምሠራው ከጎንደር በስተ ምዕራብ ባለው ቆላ፥ ሰሊጥና ማሽላ በሚዘራበት አገር፥ በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነበር። የዚያ አገር መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፥ ሲረጥብ ደግሞ እግርን ይዞ አይለቅም። ስለዚህ ዝናቡ ጥቂት ጥሎ፥ መሬቱም ከመጨቅየቱ በፊት ያላረሰ ገበሬ ዓመቱን ከሰረ ማለት ነው። ለገበሬዎች ማኅበራት የተገዙት፥ በእኔ መዝገብ የሰፈሩት ስድስት ትራክተሮች በሰኔ ወር ቀንና ሌሊት ይሠሩ ነበር።

አንድ ማለዳ ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ሳይወጣ፥ ከመሬት እንደ ቆመ እጁን ሰዶ ቁልፉን አዞረ። ትራክተሩ ማርሽ እንደ ገባ ያደረ ስለ ነበረ፥ ሞተሩ ሲነሣ ወደ ፊት ተስፈነጠረ። ሹፌሩ ዘሎ ዳነ። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ጎንበስ ብሎ የናፍጣውን ማጣሪያ ይጠርግ የነበረው የ19 ዓመት ረዳት ግን ሊያመልጥ አልቻለም፤ የኋላው ጎማ በእግሩ ላይ ሄደ። ወደ ጎንደር ተወስዶ ሕይወቱ ተረፈች፤ ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቈረጠ።

አንባቢ፥ «ጥፋቱ የሹፌሩ አይደለምን?» ይለኝ ይሆናል። አዎን፥ ከመሬት ቆሞ ሞተር ማስነሣት ታላቅ ስሕተት ነው። ነገር ግን የትራክተር ሠሪዎች ሰው እንደሚሳሳት ስለሚያውቁ ለዚሁ ስሕተት መከላከያ አብጅተዋል። ይኸውም ከፍሪሲዮኑ መርገጫ ሥር የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ናት። ፍሪሲዮኑ ካልተረገጠ፥ ሞተሪኖውን የሚያስነሣው ኤሌክትሪክ በእርስዋ ላይ ይቈረጣል፤ ቁልፉ ቢዞርም ሞተሩ አይነሣም። በዚያ ማለዳ ግን ሞተሩ ተነሣ። ማብሪያዋ ሥራዋን አልሠራችም ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት በወኪሉ በኩል ለፋብሪካው ደብዳቤ ጻፍሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ በድርሰት እመሰገን ስለ ነበር፥ ያለኝን ችሎታ ሁሉ አወጣሁ። ደብዳቤው ሦስት ገጽ ነበረ፤ የድኻ ደም፥ ርኅራኄ የሌለው ትርፍ፥ የታሪክ ፍርድ የሚሉ ቃላት ሞልተውበታል። ለባልደረቦቼ ባነበብሁላቸው ጊዜ አጨበጨቡልኝ። ከወር በኋላ የመጣው መልስ ግን ጥቂት መስመር ብቻ ነበረ፤ በጉዳቱ ማዘናቸውን ገልጠው፥ የትራክተሩን የሻንሲ ቁጥር፥ ሞተሩ የሠራበትን የሰዓት ብዛት፥ ማብሪያዋ የተገኘችበትን ሁኔታና የሌሎቹን ትራክተሮች የምርመራ ውጤት ይጠይቃሉ። በሦስት ገጽ ውስጥ ከእነዚህ አንዱን እንኳ አልጻፍሁም ነበር።

ተቈጥቼ ሳጕረመርም አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሰማኝና፥ «ልጄ፥ ሐኪም ቤት ብትሄድ ሐኪሙም የሚጠይቅህ የት እንዳመመህ ነው፤ ይልቅ ና እንያቸው» አለኝ። በነሐሴ ጭቃ ለአምስት ቀን ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተጓዝን ስድስቱንም መረመርን። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፥ ፍሬን ይዞ፥ ከፊትም ከኋላም ሰው እንዳይኖር አድርገን፥ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ቁልፉን እናስዞር ነበር።

በደኅና የተገኘው አንዱ ብቻ ሆነ። በሦስቱ የማብሪያዋ ሽፋን ተሰንጥቆ ጭቃ ገብቶበታል፤ ጭቃው ሲደርቅ ማብሪያዋ እንደ ተጫነች ስለምትቀር ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ የተረገጠ ያህል ይሆናል። ጉዳቱን ያደረሰው ከእነዚህ አንዱ ነው። በቀሩት ሁለቱ ግን ያየነው ሌላ ነገር ነበረ፤ ማብሪያዋ ተነቅላ፥ ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ ተጠምዝዘው በፕላስተር ተጠቅልለዋል። ይህን ያደረገው የእኛው ጋራዥ ነው። በእርሻ ወራት ሞተሩ አልነሣ ሲል መለዋወጫ ከመጠበቅ ሽቦውን ማገናኘት ቀልሎ ነበር። የጥገናውን መዝገብ ብገልጥ፥ «የማስነሻው ችግር ተስተካክሏል» የሚል ቃል አገኘሁ፤ ከሥሩም የእኔ ፊርማ አለ። የራስዋ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ተረት ያን ጊዜ ገባኝ።

አምስቱ ትራክተሮች በዚያው ቀን እንዲቆሙ ተደረገ። ደብዳቤው ግን ቀረ። አለቃዬ ረቂቁን አንብበው፥ «የሁለቱን ነገር ለምን ትጽፈዋለህ? በገዛ እጃችን ገመድ ማቀበላችን እኮ ነው፤ የልጁም ካሣ ይቀራል» አሉኝ። አነጋገራቸው ከክፋት አልነበረም፤ እኔም ሌሊቱን ሳወጣና ሳወርድ አደርሁ። በማግሥቱ ልጁን ልጠይቀው ሄድሁ። በምርኩዝ ተደግፎ ደጃፍ ተቀምጧል። ስለ ካሣው ይጠይቀኛል ብዬ ስፈራ፥ «ጋሼ፥ የእኔስ ሆነ፤ ሌሎቹን ትራክተሮች አሁን ማን ነው የሚይዛቸው?» አለኝ።

ወደ ቢሮ ተመልሼ አለቃዬን፥ «በመዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው፤ ቅጣትም ቢመጣ እኔው እቀጣለሁ፤ እርስዎ ግን ደብዳቤውን እንደ ተጻፈ ይላኩልኝ» አልኋቸው። ብዙ ዝም አሉ፤ በመጨረሻ ብዕራቸውን አንሥተው ፈረሙ።

ሁለተኛው ደብዳቤ አንድ ገጽ ነበረ። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. የፋብሪካው መሐንዲስ ከወኪሉ ጋር መጥቶ ሁሉን በዓይኑ አየ። ሁለቱን ባንጽፍ ኖሮ ስለ ሦስቱም የጻፍነውን ለማመን ይቸግረው እንደ ነበር ነገረኝ። ፋብሪካው ጭቃ የማያስገባ የጎማ ሽፋን ያላቸውን ማብሪያዎች ለስድስቱም ያለ ዋጋ ላከ፤ ለሌሎች ገዢዎችም በወኪሉ በኩል ማስጠንቀቂያ ጻፈ፤ ለልጁም የሰው ሠራሽ እግርና የካሣ ገንዘብ ከፈለ። ስለ ተጠመዘዙት ሽቦዎች ግን ኀላፊነቱ የእኛ መሆኑን በግልጥ አስፍሯል። እኔም የአንድ ወር ደመወዝ ተቀጣሁ፤ የሚገባኝም ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፥ ገዢ የተረከበውን ዕቃ እንዲመረምርና ጉድለት ቢያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ይህ ለሻጭ ማድላት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ጥበብነቱን አስተዋልሁ። በስዊድን አገርም በትራክተር መገልበጥ ብዙ ሰው ይሞት ስለ ነበር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1959 ጀምሮ ቅጥር ሠራተኛ የሚነዳው አዲስ ትራክተር ሁሉ ነጂውን የሚከልል ብረት እንዲኖረው በሕግ ታዘዘ፤ ከዚያ ወዲህ የሟቹ ቍጥር እጅግ ቀነሰ። የአደጋው ብዛትና ምክንያት ካልታወቀ፥ ልቅሶ ብቻውን ያን ብረት ባላስገጠመ ነበር።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር የያዛችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ እናንተም ነገ ብዕር የምትይዙ ተማሪዎች፥ ስለ ተበደለ ሰው ስትጽፉ ቍጣችሁን አልነቅፍም። ነገር ግን ከቍጣችሁ በፊት ቍጥሩን ጻፉ፤ የሌላውን ጥፋት ስትዘረዝሩም የራሳችሁን አትዝለሉ። እኔ ያን መዝገብ ዛሬም አልረሳውም፤ ሳላይ የፈረምሁበት ገጽ ነውና፥ ከዚያ ወዲህ በዓይኔ ባላየሁት ጥገና ላይ ፊርማዬን አኑሬ አላውቅም።